ወንዝ የማያሻግር መድኃኒት

ረቡዕ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ናዝሬት

ላንድሮቨሯ እንደ አስም በሽተኛ ስታስል ቆይታ በስንት መከራ ተነሣች። ጋሽ ደጀኔ መሪውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና፣ «አይዞሽ እመቤቴ፣ ነገሌ ደርሰሽ ትመለሻለሽ» አሏት። ሾፌራችን ናቸው፤ ሃምሳን የዘለሉ፣ ሸበቶ፣ መኪናን እንደ ሰው የሚያናግሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር የግቢው በር ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ጴንጤ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ድምፅ አውጥተው መጸለይ ትተዋል። ጋሽ ደጀኔን «እርስዎስ?» ስላቸው፣ «እኔ ገና ነኝ። እሷ ለሁለታችንም ትበቃለች» ይሉኛል።

አለቃችን ዶክተር ሰሎሞን ይባላል። አለቃችን ስል ምላሴን ያዝ ያደርገኛል፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። እሱ ፈረንጅ አገር ሄዶ ዶክተር ሆኖ መጣ፣ እኔ ሙሉነሽ እዚሁ ቅጠል ሳደርቅና ስም ስለጥፍ ቀረሁ። ቅናት አይደለም፤ ወይም ትንሽ ነው።

ለማያውቁን አንባቢዎች ሥራችንን ልናገር። በየከተማው እየዞርን የመድኃኒት አዋቂዎች የሚሰጡትን ሥርና ቅጠል እንሰበስባለን፤ የሚያድነውን ከማያድነው ለመለየት ወደ ምርመራ ክፍል እንወስደዋለን። በዚያው መንገዳችን ዋግ የማይበግረው ስንዴ እንፈልጋለን። ዋግ ቅጠሉ ላይ ቀይ ዱቄት የነሰነሰ የሚመስል፣ የገበሬውን ልፋት በጥቂት ሳምንት ገለባ የሚያደርግ የስንዴ በሽታ ነው። ጊዜው ጥቅምት ስለሆነ ማሳው ላይ ጎልቶ የሚታይበት ወቅት ነው።

ኩፖናችን የሰጠን ቤንዚን ለደርሶ መልስ እንኳ አይበቃም። የይለፍ ወረቀቱን ሰሎሞን ደረት ኪሱ ከቶ ከላይ ቆልፎበታል። በሞጆ አድርገን ወደ ደቡብ ታጠፍን።

ረቡዕ፣ ረፋዱ ላይ፣ መቂ

ኬላው ላይ አንድ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ከረጢቶቻችንን በርብሮ፣ «ሣር ነው የምትሰበስቡት?» አለን።

«መድኃኒት ነው፣ ጓድ» አለው ሰሎሞን።

«ሣር ለማጨድ ዶክተር ይላካል እንግዲህ!» ብሎ ገመዱን ለቀቀልን።

መቂ ገበያዋ ሞልቷል። የሽንኩርት ክምር፣ የቲማቲም ሣጥን፣ አህያ በአህያ ላይ፣ አቧራ። በአንድ ጥግ እማማ ዘሃራ የሚባሉ ሴት ማዳበሪያ አንጥፈው እንቆቆ፣ የደረቀ ኮሶ፣ ቀበሪቾና ስሙን የማይነግሩን ቋጠሮ ሥር ደርድረዋል። ሰሎሞን አጠገባቸው ቁጢጥ አለና ጀመረ።

«እማማ፣ ይኼ የያዙት ነገር እኮ ከሐኪም ቤት መርፌ ይበልጣል! ፈረንጅ ቢያገኘው በወርቅ ሚዛን ነው የሚገዛው።»

እማማ ዘሃራ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ቋጠሮውም ተፈታ፣ ምላሳቸውም ተፈታ። የቱ ለሆድ፣ የቱ ለእባብ፣ የቱ ለቡዳ እንደሆነ ሁሉንም ዘረዘሩልን።

ስንነሣ በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። «መርፌውን የሚበልጠው ማን መዝኖት ነው?»

«ሙሉ ደግሞ! ሰው ካልተመሰገነ ጓዳውን አይከፍትም። ምርመራው በኋላ ይመጣል።»

ጋሽ ደጀኔ መኪናዋን ተደግፈው ሲያዳምጡ ኖረዋል። «አይ ዶክተር! የተማረ ሰው አገሩን ሲወድ እንዲህ ነው» አሉ፤ ከልባቸው ነበር። ሦስት ዓመት ሲነዱን፣ ይህን ንግግር በየገበያው ሲሰሙ፣ አንድ ቀን ሰልችቷቸው አያውቅም። እኔ ግን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ዝዋይ ላይ ዓሣ በዳቦ በላን። ቆሮሶ የሚሉት የሐይቁ ዓሣ፣ አንድ ሳህን ሙሉ በሁለት ብር! ሰሎሞን ለአስተናጋጁ ሳይቀር ስለ ጤና አዳም ሰበከለት።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አርሲ ነገሌ

«አካም ቡልተን?» ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አልኩ፣ ከሰዓት መሆኑን ረስቼ፤ የማሳው ባለቤት ሳቁብኝና «ነጋ፣ ነጋ! ሰላም ነው፣ ኑ ግቡ» አሉን። ስንዴው ውስጥ ገብተን ስንወጣ ሱሪያችን እስከ ጉልበታችን ቀይ ሆኗል። ዋግ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ያማረ ማሳ፣ ቀርበው ሲያሹት በእጅ ላይ ዝገት ብቻ። ገበሬው ዘንድሮ ስለሚበሉት ነገር አላወሩንም፤ ብቻ እያንዳንዱን ዛላ እያሹ ይጥሉ ነበር። አንጀቴን በሉኝ።

ከማሳው ዳር ግን አጠር ያለ፣ ጢሙ የጠቆረ የድሮ ስንዴ አንድ መደብ ያህል ንጹሕ ሆኖ ቆሟል። ቀይ ነገር የለበትም። ገበሬው የሰሎሞንን ክንድ ያዙ።

«ይኼን ዋግ አይነካውም ማለት ነው? ሁሉንም በዚህ ልዝራ?»

«አልልም፣ አባቴ። ከሚታመመው ጎን ለጎን ዘርቼ፣ ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጥቶ በዓይኔ ካላየሁ፣ አይነካውም አልልም። ተሳስቼ ብነግርዎት ልጆችዎ ይራባሉ።»

እሰይ የኔ ዶክተር አልኩ በልቤ። እንዲህ ሲሆን እወደዋለሁ።

ከማሳው ወጥተን በቀጥታ የሄድነው ኦቦ ቱፋ ቤት ነው። በእብድ ውሻ መድኃኒት እስከ ሻሸመኔ ድረስ ስማቸው የተጠራ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። የተነከሰ ሰው ከሩቅ አገር በቃሬዛ ሳይቀር ይመጣላቸዋል። ሥሩን ማታ ለብቻቸው ይቆፍራሉ፣ በወተት ያጠጣሉ፤ ስሙን ለሰው ከተናገሩት ስለሚረክስ ለወለዱት ልጅ እንኳ ገና አልነገሩም። ሕጉን ግን ነገሩን።

«መድኃኒቴን የጠጣ ሰው፣ ይቺ ጨረቃ አልቃ ሌላዋ እስክትወጣ ወንዝ አይሻገርም። በድልድይም ቢሆን አይሻገርም። ከተሻገረ በሽታው ይነሣበታል፤ ያኔ እኔ የለሁበትም።»

ሰሎሞን ደረቱን ነፋ። «ኦቦ ቱፋ፣ አዲስ አበባ ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ አለ። ሰው ያሠቃያል። የእርስዎ ግን በአንድ ዋንጫ ወተት ያለቀ ነገር ነው! እኔ እርስዎን ነው የምመርጠው።»

አሁን ስንዴው ጋ ሌላ ሰው ነበር እንዴ? አንገቴን ነቀነቅሁ እንጂ ሽማግሌው ፊት ምን እላለሁ። ኦቦ ቱፋ ደስ ብሏቸው፣ የሥሩን ቁራጭ ሳይሆን ቅርፊቱን በቅጠል ጠቅልለው ሰጡን። ሰሎሞን ወርቅ የተሰጠው ያህል ተቀበላቸው።

ሐሙስ፣ ማለዳ፣ አርሲ ነገሌ

ይህን የምጽፈው መኪናዋ እየተንገጫገጨች ነው፤ ፊደሌ ቢበላሽ አትፍረዱብኝ።

ጋሽ ደጀኔ ሆቴሉ በር ላይ የመኪናዋን መስታወት ሲወለውሉ፣ ከእህል ገበያው በኩል አንድ ቡናማ ውሻ እየተወለጋገደ መጣ። አይጮህም። መንጋጋው ተንጠልጥሏል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። መንገድ ላይ አንዲት አህያ ነክሶ፣ ሰው «እብድ ነው! እብድ ነው!» እያለ ሲበታተን አየሁ። «ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። ዞር ሲሉ ግራ ክንዳቸው ላይ ተንጠለጠለባቸው። በጨርቁ፣ በእግራቸው፣ በባልዲው ቢሉት አልላቀቅ አለ። አንድ የአብዮት ጥበቃ ሮጦ መጥቶ ጭንቅላቱን በጥይት ባይመታው ኖሮ ሥጋቸውን ይዞ ነበር የሚቀረው።

ደማቸው በጣታቸው ላይ ይንጠባጠባል። እሳቸው ግን ደርቀው ቆመው ውሻውን ያዩታል። «ምን አደረግሁት?» አሉ። «ምንም አላደረግሁት እኮ።»

ሰሎሞን በፒጃማው ወጣ። ክንዳቸውን ቧንቧ ሥር ይዞ በሳሙና አጠበ፣ እንደገና አጠበ፣ ሳሙናው ጣቱ ላይ እስኪያልቅ አጠበ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አሁኑኑ አዲስ አበባ» አለ። «መርፌው ያለው እዚያ ነው። ዛሬውኑ መጀመር አለባቸው።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ትናንት የት ሄደ? ኦቦ ቱፋ እኮ ከዚህ ሆኖ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ነው ቤታቸው! ግን አፌን ያዝኩ፤ ትክክል ስለነበር።

የይለፍ ወረቀታችን ለናዝሬት እንጂ ለአዲስ አበባ አይልም። ሰሎሞን ማኅተም ለማስለወጥ ወደ ቀበሌ ሮጠ፤ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነበሩና ቆየ። እኔ ከረጢቶቹን ስጭን ጋሽ ደጀኔ፣ «ቤንዚን ላጠያይቅ» ብለው ወጡ። ሲመለሱ ፊታቸው ረጋ ብሏል፤ የሆነ የሚጎመዝዝ ነገር ይሸታሉ። ቁስላቸው ላይ የተቀባ ነገር መስሎኝ አልጠየቅኋቸውም። «ልንዳ፤ ቀኝ እጄ ጤነኛ ነው» አሉ። ከመሐላችን መንዳት የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም።

ሐሙስ፣ ፀሐይ ስትበረታ፣ ቡልቡላ

ላንጋኖን አልፈን ቡልቡላ ወንዝ ድልድይ አፋፍ ስንደርስ መኪናዋ ቆመች። ጋሽ ደጀኔ ቁልፉን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ።

«አልሻገርም» አሉ።

ሰሎሞን የሞተር ብልሽት መስሎት ሊወርድ ነበር። «ምን ሆነች?»

«እሷ ምንም አልሆነች። እኔ ነኝ። ጠጥቻለሁ። ጨረቃዋ ሳታልቅ ውሃ አልሻገርም።» ከወንበራቸው ሥር በቡሽ የተወተፈ ጠርሙስ አወጡ። «ግማሹ ለነገ ጠዋት ነው።»

ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ሽታው ገባኝ።

ሰሎሞን መጀመሪያ ሳቀ፤ ከድንጋጤ የመጣ ሳቅ ነው። ቀጥሎ ተቆጣ። በሽታው በነርቭ እየሄደ ጭንቅላት እንደሚደርስ፣ ከደረሰ ምድር ላይ የሚመልሰው እንደሌለ፣ እያንዳንዱ ሰዓት እንደሚቆጠር እየጮኸ አስረዳ። ጋሽ ደጀኔ አንገታቸውን አቀርቅረው አዳመጡት። ከሰል ሻጮች መንገድ ዳር ካለው ግራር ሥር ተነሥተው ያዩን ጀመር።

«ዶክተር» አሉ ሲጨርስ፣ «ትናንት ኦቦ ቱፋን እመርጣለሁ ያሉት እርስዎ ነዎት። መቂ ላይ ከመርፌ ይበልጣል ያሉት እርስዎ ነዎት። ሦስት ዓመት ሰምቻለሁ። እኔ መሐይም ነኝ፤ የተማረ ሰው ያለውን ነው ያደረግሁት።»

ሰሎሞን ወንበሩ ላይ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ሰዉ እንዲያወራልን ብዬ እኮ ነው፣ ጋሼ። ሥሩን እንዲሰጡን።»

«ውሸት ነበር ማለት ነው?»

«እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። ማንም አያውቅም። ገና አልተፈተነም።»

እኔ ከዚህ በላይ መታገሥ አቃተኝ። «ለስንዴ ክረምት አልፎ ክረምት ካልመጣ አልልም ትላለህ! ለሰው ሲሆን ነው አፍህ የሚፈታው?» ብዬ ጮህኩበት። እንባዬ መጣ። ከተማሪነታችን ጀምሮ እንዲህ ጮኼበት አላውቅም።

እሱ ጋሽ ደጀኔን ነበር የሚያየው። «ልጄ ብትነከስ መርፌውን ነው የማስወጋት» አላቸው። «ሌላ ምንም አላሰጣትም።»

ያን ጊዜ የጋሽ ደጀኔ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ቁጣ አይደለም፤ የተካደ ሰው ፊት ነው። «ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገሩኝም? በአንድ ትሪ ነው የበላነው።»

አንድ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋብን አለፈ።

«እሺ፣ ባይሠራም» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «ባይሠራም እኮ ጠጥቼዋለሁ! ሆዴ ውስጥ ነው ያለው። ከተሻገሩ ይነሣል ተብሏል። ያኛውም ሞት፣ ይኼኛውም ሞት። በየት በኩል ልሂድ?» ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፉ። ያን ትልቅ ሰውዬ እንዲህ ሆነው ሳይ ልቤ ቆመ።

ሰሎሞን እጁን ዘረጋና ጠርሙሱን ከጭናቸው ላይ አነሣ። ቡሹን በጥርሱ ነቀለ።

«አንተ! ምን ልታደርግ ነው?» አልኩ።

ጨለጠው። እውነቴን ነው፣ ምን እንደሆነ ስሙን እንኳ የማናውቀውን ነገር እስከ አተላው ጨለጠው። ትንታ አጣደፈው፣ ዓይኑ ደም መሰለ። ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ድልድዩ ላይ ወጣ። «ወንዙ የሚያስነሣው ነገር ካለ በእኔ ይጀምር!» ብሎ ወደ ኋላው ጮኸ፤ መሐል ሲደርስም ቆሞ ውሃውን ቁልቁል አየ። ከሰል ሻጮቹ «ምን ሆኗል? ሊወረወር ነው እንዴ?» ይባባላሉ።

ማዶ ደርሶ ዞረና እጁን አወዛወዘ።

ጋሽ ደጀኔ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። «አስቴር ጸልያለች» አሉ ለራሳቸው። መኪናዋ እየተንቀራፈፈች ተሻገረች።

ሐሙስ፣ በመንገድ ላይ

ሰሎሞን ከአዳሚ ቱሉ ጀምሮ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያስመልሳል። ዝዋይን ማለፋችንን እንኳ ልብ አላለም። መቂ ድልድይ ጋ ጋሽ ደጀኔ ፍሬን ያዙ፤ «ይኼ ሌላ ወንዝ ነው፣ ዶክተር» አሉት፣ እያፈሩ። ሰውዬው ወረደ። ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሸሚዙ ላይ እየተንጠባጠበ፣ በፊታችን ተራመደ።

ቆቃ ላይ አዋሽን ሲሻገር ደግሞ ድልድይ የሚጠብቀው ወታደር ጠመንጃውን አቀባበለ። «ቁም! በእግር መሻገር ክልክል ነው! ምን ልታደርግ ነው?» ወርጄ እጄን ወደ ላይ አድርጌ፣ ስለ ውሻው፣ ስለ ጠርሙሱ፣ ስለ ጨረቃዋ ለፈለፍኩለት። ወታደሩ የጋሽ ደጀኔን ክንድ አየ። በፋሻው ላይ ደም ወጥቷል።

«አጎቴን በዚህ ነው ያጣሁት» አለ። ጠመንጃውን አወረደና ራሱ ከሰሎሞን ጎን ሆኖ ድልድዩን በእግሩ አብሮት ተሻገረ። ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ሞጆ መገንጠያ ላይ በቀኝ ናዝሬት፣ በግራ አዲስ አበባ ነው። ጋሽ ደጀኔ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ አይተው ወደ ግራ ጠመዘዙ።

ሐሙስ፣ አመሻሹ ላይ፣ አዲስ አበባ

መርፌው የሚሰጥበት ግቢ ውስጥ ከባሌም ከወሎም የመጣ ሰው ተደርድሯል። ወረፋችን ሲደርስ ነርሷ ዓይኗን ከሰሌዳዋ ሳታነሣ፣ «ምን አጠጧችሁ?» አለች። እንዴት አወቅሽ አልኳት። «ሁሉም ጠጥቶ ነው የሚመጣው። ጠጥቶ፣ ቤቱ ተቀምጦ፣ ጨረቃ ቆጥሮ። እናንተ በቀኑ በመምጣታችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ብዙው የሚደርሰው ውሃ ሲያይ መንቀጥቀጥ ከጀመረው በኋላ ነው፤ ያኔ እኔም የምሰጠው ነገር የለኝም።»

ይህን ስትል ሰሎሞን ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። በሕመሙ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ቀስ እያለ ሲንሸራተት ቆይቶ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ።

ጋሽ ደጀኔ ሆዳቸውን ገልጠው ተወጉ። ጥርሳቸውን ነከሱ እንጂ ድምፅ አላሰሙም። በየቀኑ እንዲመጡ ተነገራቸው። ወጥተው ከሰሎሞን ፊት ቆሙ።

«እኔስ መኪና ነበረኝ» አሉት። «ያ በየገበያው ሲያመሰግኑ የሰማዎት ሰውስ፣ ምን አለው?»

ሰሎሞን ቀና አላለም። «ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተመልሼ እወርዳለሁ» አለ። «መቂም፣ ዝዋይም፣ ነገሌም። በየገበያው ቆሜ እነግራቸዋለሁ።»

ጋሽ ደጀኔ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ አዩት። «ይሂዱ። ግን ማንም አያምንዎትም፣ ዶክተር» አሉት። «እኔ እንኳ ድልድዩ ላይ ያመንኩዎት ሲናገሩ አይደለም፤ ሲጠጡ አይቼ ነው።»